ትርፉ ለሠርግ፣ ግብሩ ለማን?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል የአንዲት የአዲስ አበባ ልጅ ደብዳቤ ቀልቤን ሳበው። ዕድሜዋ 25 ነው። እጮኛዋ ሜሪላንድ ይኖራል። ቀን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል፣ በትርፍ ሰዓቱ በስልኩ አክሲዮን ይገዛል፣ ይሸጣል።

«ባለፈው የፈረንጆች ዓመት 20 ሺህ ዶላር አተረፈ። 8 ሺውን ለሠርጋችን ላከልኝና ለፋሲካ ማግስት አዳራሽ ያዝን። ጥር ላይ ግን 15 ሺህ ዶላር ከሰረ። ‹ትርፉና ኪሳራው ስለሚጣጣ ብዙ ግብር የለብኝም› ይለኛል። እውነቱን ነው?» ትላለች።

እህቴ፣ ቁርጡን ልንገርሽ፤ አይጣጣም።

የአሜሪካኖቹ ሕግ እንዲህ ነው። አክሲዮኑን ከአንድ ዓመት በላይ አቆይቶ የሸጠ ሰው ለትርፉ ቀለል ያለ ግብር ነው የሚከፍለው። እንደ ገቢው መጠን ዜሮ፣ 15 ወይም 20 በመቶ ይሆናል። አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በታች ይዞ ከሸጠ ግን ትርፉ ከደመወዙ ጋር ተደምሮ እንደ ደመወዝ ይቆጠራል። እርከኑ ከ10 እስከ 37 በመቶ ነው። ዛሬ ገዝቶ ነገ የሚሸጠውን እጮኛሽን የሚመለከተው ይሄኛው ነው። 20 ሺው በሙሉ 22 በመቶው እርከን ላይ ቢያርፍ 4 ሺህ 400 ዶላር ይፈለግበታል። ሜሪላንድ ደግሞ የራሷን ድርሻ ለብቻ ትጠይቃለች።

ታዲያ ኪሳራውስ? የዓመቱ ሂሳብ የሚዘጋው ዲሴምበር 31 ነው። ኪሳራው ዲሴምበር ላይ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ከትርፉ ይቀነስለት ነበር። የጥር ኪሳራ ግን የአዲሱ ዓመት ነው። ከአዲሱ ዓመት ትርፍ ይቀነሳል፤ ትርፍ ከሌለ ከደመወዙ ላይ በዓመት እስከ 3 ሺህ ዶላር ብቻ ይያዝለትና ቀሪው ለከርሞ ይሻገራል። ለዚያውም የከሰረበትን አክሲዮን ሸጦት ከሆነ ነው! ያንኑ አክሲዮን በ30 ቀን ውስጥ መልሶ ከገዛው ደግሞ ኪሳራው ለጊዜው አይያዝለትም።

«ብሩን አላወጣሁም፣ ሌላ አክሲዮን ገዛሁበት» ማለትም አያድንም። ሸጦ ካተረፈ አተረፈ ነው። መደበቅማ አይታሰብ፤ የሚያገበያየው ድርጅት ሽያጩን ለግብር መሥሪያ ቤቱም ያሳውቃል።

ልጁ አታላይ ነው አላልኩም። ብዙ የአበሻ ልጅ ቀጣሪው ከደመወዙ ግብር እየቆረጠ ስለሚሰጠው ነገሩ በዚያው ያለቀ ይመስለዋል። ከአክሲዮን ትርፍ ላይ ግን ማንም ቆርጦ አያስቀርለትም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ደውዪለት። እስከ ኤፕሪል 15፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 7 ድረስ፣ ገንዘብ ባይኖረው እንኳ ቅጹን ሞልቶ ያስገባ። ሳያስገባ የቀረ በየወሩ ካልተከፈለው ግብር 5 በመቶ፣ እስከ 25 በመቶ ይቀጣል። አስገብቶ መክፈል ያቃተው ግን ቅጣቱ በወር ግማሽ በመቶ ነው፤ ወለዱ እንዳለ ሆኖ። በየወሩ ከፋፍሎ ለመክፈልም ማመልከት ይችላል። ከእንግዲህ ደግሞ ባተረፈ ቁጥር ሲሶውን ለይቶ ያስቀምጥ።

ያለፈው ዓመት ዕዳ የእሱ ነው። ከተጋባችሁ በኋላ ግን ግብር በጋራ ካሳወቃችሁ ፊርማሽ አንቺንም ባለዕዳ ያደርግሻል። እሱ ሂሳቡን በግልጽ ካሳየሽ አዳራሹን አትልቂ፤ ድግሱን ብቻ ቀነስ አድርጊው። «አንቺን አያገባሽም» ካለሽ ግን ችግሩ ከግብሩ በላይ ነውና ቆም ብለሽ አስቢ።

መልካም ጋብቻ!