«ልጁን ከጭስ አርቂው» ማለት ቀላል ነው



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱን ጥያቄዎች ስለ ሲጋራ የሚጠይቁት በዝተዋል። «ባለቤቴ የሚያጨሰው በረንዳ ወጥቶ ነው፤ ሕፃኑን ይጎዳው ይሆን?» ዓይነት። መልሱ አጭር ነው፤ አዎ፣ ይጎዳዋል። ጭሱ በበርና በመስኮት ተመልሶ ይገባል፤ በልብስና በፀጉር ላይ የቀረውም አባትየው ልጁን ሲያቅፈው አብሮ ይመጣል። ሕፃን ልጅ ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ነው የሚተነፍሰው፣ የአየር ቧንቧውም ጠባብ ነው። ሲጋራ በሚጨስበት ቤት የሚያድጉ ልጆች የጆሮ ኢንፌክሽን፣ አስምና የሳንባ ምች ይበዛባቸዋል፤ ጨቅላ በእንቅልፉ ላይ በድንገት የመሞት አደጋውም ይጨምራል። መስኮት መክፈት አይበቃም። በረንዳው ከሳሎኑ ይሻላል፣ ማቆም ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። ይሄ ያለቀ ነገር ነው።

ግን ጥያቄውን ልብ ብላችሁ እዩት። በረንዳ ያለው ሰው ጥያቄ ነው። አንድ ክፍል ተከራይቶ ከነቤተሰቡ የሚያድር አባት በደጋ ብርድ ሌሊት የት ወጥቶ ያጭሳል?

በኢትዮጵያ የሚያጨስ ሰው ከብዙ ሀገሮች ሲነጻጸር ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት ትንባሆ የሚጠቀመው አዋቂ ከመቶ 5 ነበር፤ በቤቱ ውስጥ ለሌላ ሰው የትንባሆ ጭስ የሚጋለጠው ደግሞ ከመቶ 13 ያህል። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 ወጣና በካፌ፣ በሆቴል፣ በሥራ ቦታ፣ በሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ማጨስ ተከለከለ። ጥሩ ሕግ ነው፤ አፈጻጸሙ ጠበቅ ቢል ደስ ይለኛል። የሚጠብቀው ግን ካፌ የሚገባውን፣ ቢሮ የሚውለውን፣ ሆቴል የሚያድረውን ሰው ነው። በሀገራችን ከሁሉም በላይ ጭስ የሚተነፍሰው ልጅ ካፌ ገብቶ አያውቅም። እሱ ያለው እናቱ ጀርባ ላይ፣ አንቀልባ ውስጥ፣ ጉልቻው አጠገብ ነው።

ጋፋት ሲነሳ ሁላችንም ትዝ የሚለን ሴባስቶፖል ነው። አፄ ቴዎድሮስ መድፉን ያሠሩበት የጋፋት እሳት ከጠፋ 150 ዓመት አልፎታል፣ እኛም እየተረክነው አድገናል። በዙሪያው ባሉት ቤቶች ያለው እሳት ግን ዛሬም ጠዋት ማታ ይነድዳል፤ እሱን ታሪክ ብሎ የሚያወራው የለም።

እስቲ ስለዚህ እሳት እናውራ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ ፋርጣ ገጠርና ወደ ጉና ስትወጡ ብርዱ ይብሳል። ስለዚህ ቤቱ ይጠባል፣ መስኮቱ ያንሳል፣ በሩም በጊዜ ይዘጋል። እሳቱ ወጥ መሥሪያ ብቻ ሳይሆን ማሞቂያም ጭምር ነው። «ማድ ቤቱን ለብቻ ሥሩ» ስንል ይሄን እንዘነጋለን፤ ማድ ቤቱ ለብቻው ከተሠራ ሙቀቱም አብሮ ይሄዳል።

ማገዶውም ደረጃ አለው። ያለው ሰው ኤሌክትሪክ፣ ቢያንስ ደረቅ እንጨት ያነድዳል። የሌለው ባሕር ዛፉን ለከተማ ይሸጥና ለራሱ ቤት የሚቀረው ቅጠሉና ጭራሮው ነው። እሱም ሲያልቅ ኩበት ነው። ኩበት ከሁሉም ይበልጥ ይጨሳል፣ በዚያ ላይ ለማሳው ማዳበሪያ ይሆን የነበረው ነው የሚቃጠለው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሁሉም ይረጥባል። እንግዲህ ድሃው ቤት ውስጥ ጭሱ ወፍራም የሚሆነው እናቲቱ ስለ ጤና ስላልተማረች አይምሰላችሁ፤ የጭሱን ውፍረት የሚወስነው የኪሷ ውፍረት ነው።

የልጁን ዕድሜ ተከትለን እንሂድ። ሲወለድ አራስ ቤት ይገባል። ወንድ ከሆነ እስከ 40፣ ሴት ከሆነች እስከ 80 ቀን፣ ክርስትና እስኪነሱ ድረስ እናትና ልጅ ከቤት አይርቁም፤ ብርድ እንዳይመታቸው እሳቱ አጠገብ ይሆናሉ። ወጉ ለፍቅር የተሠራ ነው፣ እናትም እረፍት ታገኝበታለች፤ እኔ አልነቅፈውም። ነገር ግን ሳንባ ገና በሚጠነክርበት ጊዜ፣ ቀኑን ሙሉ፣ በተዘጋ ቤት ነው። ከዚያ አንቀልባው ይመጣል፤ እንጀራ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይጋገራል፣ ልጁም በእናቱ ትከሻ በኩል አክንባሎው በተከፈተ ቁጥር የሚወጣውን ይቀበላል። ትንሽ ከፍ ሲል ወንዱ ከብት ይዞ ወደ ሜዳ ይወጣል። ሴቷ ትቀራለች፤ እሳት ማቀጣጠል፣ እፍ ማለት የሷ ሥራ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ፣ ከአንድ ማሕፀን በወጡ ልጆች መካከል እንኳ ጭሱ እኩል አይካፈልም።

ይሄ ጭስ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የምድጃ ጭስ አንድ ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉን በእጥፍ ያህል ይጨምራል። በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም ላይ ከ237,000 በላይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሞት ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር ተያይዟል።

«ይሄ የገጠር ጉዳይ ነው» የሚል ካለ ደግሞ ወደ ከተማ እንምጣ። ከዓመታት በፊት የአዲስ አበባ ተመራማሪዎች በከተማዋ በተጎሳቆሉ ሰፈሮች ቤት ውስጥ የአየሩን ብናኝ ለክተው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ15 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ እንዳይበልጥ የሚመክረው ደቃቅ ብናኝ እዚያ በአማካይ 818 ሆኖ ተገኘ፤ እንጨትና ከሰል በሚያዘወትሩት ቤቶች 1134። እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው። ንጹሕ ማገዶ የሚጠቀሙት ቤቶችም 335 ነበራቸው። ለምን ቢባል፣ ግድግዳ ለግድግዳ በተጣበቀ ሰፈር የጎረቤት ጭስ የራስ ጭስ ነው። እንደኔ ከሆነ የቡናው ከሰልም አለበት።

ደብረ ታቦር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር እናትስ? ኤሌክትሪክ እደጇ ደርሷል። ምጣድ ግን 3500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ቆጣሪው የጋራ ነው፣ ሽቦው ቀጭን ነው፣ አከራዩም «ምጣድ አይቻልም» ብሎ ነው ያከራያት። አከራዩም ቢሆን ሽቦው እንዳይቃጠል ፈርቶ ነው። እሷም ከሰል ታያይዛለች። አረቄ በማውጣት የምትተዳደረውማ ገንዘቧ የሚመጣው ከዚያው ከእሳቱ ነው፤ «ራቂ» ስንላት «ሥራሽን ተዪ» ማለታችን ነው።

እዚህ ላይ ነው እኛ ባለሙያዎች የምናበሳጨኝ። ሕፃኑ ደረቱ እየተሰረጎደ ሲመጣ መድኃኒቱን እንሰጥና «ልጅሽን ከጭስ አርቂው» እንላታለን። «እሺ ዶክተር» ትላለች። እሺ የምትለው የምታርቅበት ቦታ ስላላት ሳይሆን ነጭ ጋወን ስለለበስን ነው። አንዳንዷ ደፋር «ታዲያ የት ላድርገው?» ስትል መልስ የለንም። ምክሩ ልክ ነው፤ ግን መልስ በሌለው ቦታ ምክር ወቀሳ ይሆናል። ልጇ ሲታመም ጥፋቱ የሷ መስሏት ትሄዳለች።

«የተሻሻለ ምድጃ አለ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። ምርጥ ምድጃ፣ ላቀች፣ ትክክል፤ ማገዶ ይቆጥባሉ፣ ሴቶችን ከብዙ ሸክምና ከእሳት ቃጠሎ ያድናሉ፤ ያላችሁ አትጣሉት። ሆኖም እውነቱን እንናገር። በጎጃም፣ በሜጫ ወረዳ ከ5000 በላይ ሕፃናት የተካተቱበት ትልቅ ጥናት ተደርጎ ነበር፤ ለግማሾቹ መንደሮች የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ተሰጠ፣ ሌሎቹ በጉልቻው ቀጠሉ። ውጤቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ሲታተም በሕፃናቱ የመተንፈሻ ሕመም ላይ ልዩነት አልታየም። በማላዊም ከ10,000 በላይ ልጆች ላይ የተደረገው ጥናት ተመሳሳይ ውጤት ነው ያመጣው። ከዚያም ወዲህ በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በሩዋንዳ ለእናቶች ሲሊንደር ጋዝ በነፃ ተሰጥቶ ጭሱ በጣም ቢቀንስም በጨቅላዎቹ ላይ ከባድ የሳንባ ምች አልቀነሰም።

እንዴት ነው ነገሩ? እንደኔ አስተያየት ጭስ ብቻውን አይመጣም። መጣበብ፣ የምግብ እጥረት፣ ያልተጠናቀቀ ክትባት፣ የራቀ ጤና ጣቢያ አብረውት ይመጣሉ። አንዱን ነቅለን ሌላውን ትተን ልጁ ይድናል ብለን መጠበቅ የለብንም። የተሻሻለው ምድጃ ደግሞ ጭሱን ቀነሰው እንጂ አላጠፋውም፤ ከ1000 ወደ 400 ቢወርድ ለሕፃን ሳንባ 400ም ብዙ ነው። እኛ በየቤታችን ኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ እየጋገርን ለድሃው ግማሽ መፍትሔ ሰጥተን «ችግሩ ተፈታ» ብለን ሪፖርት ማድረጋችን ነው የማይዋጥልኝ። ለእንጀራ የሚበቃ መስመር፣ ለተከራይ የራሱ ቆጣሪ፣ በረጅም ጊዜ ክፍያ የሚገኝ ምጣድ፤ ጥያቄው ይሄ ነው፣ ይሄን ደግሞ ሐኪም ብቻውን አይመልሰውም። መብራት ኃይልም፣ ቤቶች ልማትም፣ ማዘጋጃ ቤትም የሳንባ ምች ሐኪሞች ናቸው፤ አላወቁትም እንጂ።

እስከዚያው ምንም ወጪ የሌለውን እንያዝ። በመጋገሪያ ሰዓት ሕፃኑን የሚይዝ ሌላ ሰው ይኑር፤ አባት ቢሆን ምን አለበት? በተለይ አባቶች፣ ይቺን ለእናንተ ነው የምጽፈው። እንጨቱ ከክረምት በፊት ተፈልጦ ይድረቅ። በጋ ላይ ከቻላችሁ ደጅ ጋግሩ። ከሰል ደግሞ ጭስ ስለሌለው አያታልላችሁ፤ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፣ በተዘጋ ክፍል አንድዶ ማደር ቤተሰብ ይጨርሳል። የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንት ክትባት አይታለፍ፤ የሳንባ ምች መከላከያው እዚያ ውስጥ ነው።

ልጁ ካሳለውና ካተኮሰው ልብሱን ገልጣችሁ ተረጋግቶ ሳለ ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከሁለት ወር በታች 60ና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሳይመሽ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ ትንፋሽ ቆጥረው አሞክሳሲሊን እንዲሰጡ የሠለጠኑ ናቸው። ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ጡት መጥባት ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከደነዘዘ ግን ቀጥታ ሆስፒታል ነው። መንገዱ አስቸጋሪ በሆነበት በዚህ ጊዜ ደግሞ ነገ ይሻለዋል ብላችሁ አትጠብቁ፤ በጠዋቱ ተነሱ።

አከራይ የሆናችሁ ተከታታዮቻችን፣ ስለ ምጣዱ ምን እንደምትሉ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ፤ ሽቦ ለማደስ ስንት እንደጠየቃችሁም ጨምሩበት።