የአሣ አጥማጁና የጌም ተጫዋቹ አንጎል

ማለዳ በጣና ዳር በእግሩ የሚጓዝ ሰው በደንገል ታንኳ ላይ ተቀምጦ መረቡን የሚስብ አሣ አጥማጅ ማየቱ አይቀርም። አጥማጁ መረቡ ቀረሶ ይያዝ አምባዛ፣ ወይም ባዶውን ይምጣ አስቀድሞ አያውቅም። እጁን የሚያፈጥነውም ይኸው አለማወቁ ነው። ከሐይቁ ራቅ ብለን ወደ ባሕር ዳር ከተማ ስንዘልቅ ደግሞ በፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ፣ አለዚያም በዶርም አልጋው ላይ ስልኩን እንደያዘ፣ «አንድ ጨዋታ ብቻ» እያለ ሌሊቱን የሚያጋምስ ተማሪ እናገኛለን። ሁለቱን ምን አገናኛቸው ይባል ይሆናል። በእኛ አስተያየት በአንጎላቸው ውስጥ የሚሠራው ነገር አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው ከአንጎላቸው ውጭ ነው።

ስለ ጌም ሱስ በተወራ ቁጥር ዶፓሚን «የደስታ ኬሚካል» እየተባለ ይጠቀሳል። አባባሉ አሳሳች ነው። ቮልፍራም ሹልትስ የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በጦጣዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ጦጣዋ ያልጠበቀችው የፍራፍሬ ጭማቂ ጠብ ሲልላት ዶፓሚን አመንጪ የሆኑት የነርቭ ሕዋሳቷ በኃይል ይቀሰቀሱ ነበር። ከጭማቂው አስቀድሞ ምልክት እንደሚታይ ከተማረች በኋላ ግን ሕዋሳቱ የሚቀሰቀሱት ለምልክቱ እንጂ ለጭማቂው አልሆነም። ምልክቱ ታይቶ ጭማቂው ሲቀር ደግሞ ዝም ይላሉ። እንግዲህ እነዚህ ሕዋሳት የሚያሰሉት በተጠበቀውና በተገኘው መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ኬንት ቤሪጅና ቴሪ ሮቢንሰን ደግሞ ዶፓሚናቸው የተሟጠጠባቸው አይጦች ጣፋጭ ነገር አፋቸው ላይ ሲደረግላቸው እንደ ወትሮው እንደሚያጣጥሙት፣ ምግብ ፍለጋ ግን እንደማይነሡ አሳይተዋል። መውደድ ሌላ፣ መሻት ሌላ ነው ማለት ነው። አበው «የበላችው ያቅራታል፣ በላይ በላዩ ያጎርሳታል» ያሉት ላቦራቶሪ ገብተው አይደለም፤ ነገሩን ግን ደርሰውበታል። ሲጫወት ያደረን ተማሪ «ደስ አለህ ወይ?» ብንለው ብዙ ጊዜ መልሱ «እንጃ» ነው።

ጌም በሰው አንጎል ውስጥ ዶፓሚን እንደሚያስለቅቅ በምርመራ የታየው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በለንደን ስምንት ወንዶች ታንክ የሚነዱበትን ጌም ሲጫወቱ አንጎላቸው በፔት ስካን ተመርምሮ፣ ስትራያተም በተባለው ክፍል ዶፓሚን መጨመሩ ተረጋገጠ። ከዚህ ተነሥቶ ጌም መርዝ ነው ማለት ግን ከማስረጃው መቅደም ይሆናል። ምግብም፣ የሚወዱት ሙዚቃም ዶፓሚን ያስለቅቃሉ። የአጥማጁም መረብ እንዲሁ።

ይሁን እንጂ ሐይቁ ወሰን አለው። ፀሐይ ይበረታል፣ ነፋስ ይነሣል፣ ክንድ ይዝላል፣ የተያዘው አሣም ሳይበላሽ ገበያ መድረስ አለበት። ጌሙ ግን ወሰን እንዳይኖረው ሆኖ የተሠራ ነው። አንዱ ግጥሚያ ሳያበቃ ሌላው ይደቀናል፤ ውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቅ የሽልማት ሣጥን ይቀርባል፤ ደረጃው አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይከተላል። የሥነ ልቦና ሊቁ ስኪነር ርግቦችን ሲያጠኑ፣ ምግቡ ከስንት ጊዜ መጠቆም በኋላ እንደሚመጣ ያልታወቃት ርግብ ያለ ዕረፍት መጠቆሟን እንደምትቀጥል አስተውለው ነበር። የጣና አምባዛ አጥማጁን እስከ ንጋት ለማቆየት አላቀደም፤ ጌም ሠሪው ግን አቅዷል፤ ገቢውም ከዚያ ነው።

በዚህ ላይ ዕድሜ አለ። ግፊትን የሚገታው፣ «ነገ ፈተና አለብህ» የሚለው የአንጎል የፊተኛው ክፍል ብስለቱን የሚጨርሰው እስከ 25 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ፍሬኑ ገና እየተሠራ ባለ መኪና ቁልቁለት ይወርዳል። ሌሊት የተቀነሰው እንቅልፍ ደግሞ ቀን የተጠናው ትምህርት በማስታወስ ችሎታው ውስጥ የሚጸናበት ሰዓት ነበር።

ታዲያ የሚጫወት ሁሉ ሱሰኛ ነውን? አይደለም፤ በዚህ ረገድ ብዙ ወላጆችንና መምህራንን እንቃወማለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የበሽታዎች መዘርዝር «የጌም መታወክ» የሚለው፣ ሰውየው ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጨዋታው ከሌላው ሕይወቱ ሁሉ ሲቀድምበትና ጉዳቱን እያየ ሲቀጥል ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት ያህል ሲዘልቅ። ሰዓት መቁጠር ብቻውን አይበቃም። እዚሁ ክልላችን፣ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ከኢንተርኔት ተጠቃሚዎቹ 85 በመቶው የኢንተርኔት ሱስ እንዳለባቸው ገልጿል። ከመቶ ሰማንያ አምስቱን ሕሙማን የሚያደርግ መለኪያ፣ በእኛ እምነት፣ ብርቱውን ሕመም ከቀላሉ ልማድ ጋር ቀላቅሎታል። ከቁጥሩ ይልቅ ትኩረታችንን የሳበው ሱሱ አብሯቸው የታየው ነገሮች ናቸው፤ የኦንላይን ጌም፣ ጫት፣ መጠጥ፣ የአእምሮ ጭንቀት። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ራሱ የሚሠራው በዶፓሚን በኩል መሆኑን እናስታውስ። የትኛው የትኛውን እንዳመጣ ይህን መሰል ጥናት አይለይም፤ ነገር ግን ጭንቀት ያለበት ልጅ ወደ ስክሪኑ የሚሸሽበት ምክንያት ይኖረዋል። በዚህ ክልል ባለፉት ዓመታት ጦርነትና የትምህርት መቋረጥ ያላስጨነቀው ወጣት ከየት ይገኛል?

ስለሆነም በከተሞቻችን በየጊዜው የሚነሣው የጌም ቤቶችን የመዝጋት ዘመቻ ብዙ ርቀት የሚያስኬድ አይመስለንም። ቤቱ ቢዘጋ ስልኩ ኪስ ውስጥ ነው። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት የኦንላይን ጌም እንዳይጫወቱ በሕግ ከልክላ ነበር፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ሕጉን ለመሻር ወሰነች። እኛ የምንመርጠው ወሰኑን ከጨዋታው ውጭ ማበጀትን ነው፤ ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር፤ ጨዋታው ከጓደኛ ጋር በሚገናኙበት ሰዓት ይሁን፤ ብስክሌት በሞላባት በዚህች ከተማ ማምሻውን የሚኬድበት ቦታ አይጠፋም። ይህን ሞክሮ ማቆም ያቃተው ተማሪ በፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል መኖሩን ይወቅ። ሲሄድም የሚተኛበትንና የሚነሣበትን ሰዓት ለሁለት ሳምንት በወረቀት መዝግቦ ቢይዝ ለሐኪሙ ሥራ ያቀልለታል።