የፋይዳ ኮድ ፈቃዱ ቢቀየርስ?
ጅጋ ላይ የባንክ ደብተር ላውጣ ያለ ገበሬ የፋይዳ ቁጥር ይጠየቃል። ፋይዳ የቆመው ደግሞ ሕንድ፣ ባንጋሎር በተጀመረው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። «ነጻ ነው» ብለን ተቀምጠናል። ብዙ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት ሬዲስ የተባለው የመረጃ ቋትም ነጻ ነበር፤ መጋቢት 2016 ዓ.ም. ላይ ኩባንያው ፈቃዱን አጠበቀው፣ ኋላ መልሶ ቢያላላውም። እርግጥ በነጻ የወጣ ኮድ አይነጠቅም። የሚቀረው ማሻሻያው ነው። ያኔ የአማዞንና የጎግል መሐንዲሶች የድሮውን ኮድ ይዘው ቫልኪን ጀመሩ። እኛስ ማን አለን? ሞሲፕ ነገ ይዘጋል አላልኩም። ግን ክፍት ኮድ ወጪ የለውም የሚል ሒሳብ (ኢኮኖሚክስ ተምሬ ይህን ስሰማ ያናድደኛል) የጠጋኙን ደሞዝ ረስቷል። ከባሕር ዳርና ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ጥቂቱን ዛሬውኑ ቀጥሮ ኮዱን ማስጠናት ይሻላል።