ኮምፒውተሩን ለቆራሌው እንስጠው?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከኮልፌ ቀራንዮ ነው። ጸሐፊው የ25 ዓመት ወጣት ሲሆን ስሙን እንዳላወጣ አደራ ብሎኛል። ደብዳቤውን አሳጥሬ ላቅርበው፦

«አባቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። አጎቴ በ1984 ዓ.ም. ከአሜሪካ ያመጣለት ኮምፒውተር እስከ ዛሬ ሳሎናችን ጥግ ተቀምጧል። አባቴ በአማርኛ ይጽፍበት ነበር። እኔ ምን እንደጻፈ ማየት እፈልጋለሁ። እናቴ ግን ቆራሌው በመጣ ቁጥር ‹ይሄን ይዞልኝ ይሂድ› ትላለች። ተኳርፈናል። ምን ይመክሩኛል?»

እውነቱን ለመናገር፣ በሁለት መስመር መልሼ ልገላገለው አስቤ ነበር። አላስቻለኝም። ባለፈው ቅዳሜ ታክሲ ይዤ 18 ማዞሪያ ወረድኩና ልጁ እየመራኝ ቤታቸው ገባሁ። ቡና ተፈልቶ ጠበቀኝ። ኮምፒውተሩም ዳንቴል ለብሶ፣ የፕላስቲክ አበባ ተሸክሞ ቁጭ ብሏል።

ማኪንቶሽ ፕላስ ነው! አፕል እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው። ለማታውቁት፣ ስክሪኑም፣ የኮምፒውተሩ አንጎልም፣ የዲስኬት ማስገቢያውም እንደ ትንሽ ቴሌቪዥን አንድ ሳጥን ውስጥ የታጨቁበት ዕቃ ነው፤ ውጭ የሚቀሩት ኪቦርድና ማውሱ ብቻ ናቸው። ይህን አሠራር አፕል አልጀመረውም። ኮሞዶር የተባለው ኩባንያ በ1977 ባወጣው «ፔት» ላይ ኪቦርዱንና የካሴት ማጫወቻውን ሳይቀር ከስክሪኑ ጋር ገጥሞት ነበር። ፕላሱ ባለ 9 ኢንች ጥቁርና ነጭ ስክሪን ሲሆን ሚሞሪው 1 ሜጋባይት ነው። ዛሬ በስልካችን የምናነሳት አንዲት ፎቶ እንኳ አትበቃውም። ሲወጣ ዋጋው 2,599 ዶላር ነበር። አጎትየው ያገለገለ ገዝቶ ቢሆን እንኳ ወንድሙን ይወድ ነበር ማለት ነው!

ልጁ ካቻቢቴውን አዘጋጅቶ ጠብቆኛል። የነስቲቭ ጆብስ ፊርማ ከሳጥኑ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ እንደተቀረጸ የሆነ ቦታ ሰምቷል። እውነት ነው፣ ተቀርጿል። «ግን ተው!» አልኩት። ስክሪኑ የድሮ ቴሌቪዥን ዓይነት ቱቦ ነው፤ ሠርቶ ከተነቀለ በኋላም በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ፊርማ ለማየት ተብሎ አይሞትም እኮ።

«እሺ ልሰካውስ?» ጀርባውን አዙረን አነበብን፤ 120 ቮልት ይላል። የኛ ቤት 220። «አባትህ የሚጠቀሙበት ትራንስፎርመር የታለ?» አልኩት። አያውቅም። እናትየው ሲኒ ያጥባሉ እንጂ ቀና አላሉም።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ይህ ዓይነቱ ማሽን ሲሠራ ሀርድ ዲስክ አልተገጠመለትም። «አባትህ የጻፉት ሳጥኑ ውስጥ የለም፤ ዲስኬት ላይ ነው» ስለው ልጁ ክው አለ። ይኼኔ እናትየው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና «የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው፤ እኔ ጋ አለ» አሉ።

ልጁን ስኳር ግዛ ብለው ላኩት። ስኳር ሞልቷል። «ሌሊት ሌሊት ነበር የሚጽፈው» አሉኝ፤ «እኔ ተኝቻለሁ ብሎ። ለማን እንደሚጽፍ ሳልጠይቀው ሄደ። አሁን ልጄ ያነበዋል፣ እኔ ፊቱን እያየሁ…» ዝም አሉ። (ይህን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። ልጁ ሲመለስም ራሳቸው ነግረውታል።)

እንግዲህ ወንድሜ፣ ምክሬ ይኸውልህ። ቆራሌው የሚገዛው ብረቱን ነው። ሳጥኑ ከሄደ ደግሞ ዲስኬቶቹ ዝም አሉ ማለት ነው። ያ ማሽን የዲስኬቱን አሽከርካሪ ፍጥነት እየቀያየረ ስለሚጽፍ፣ ዛሬ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካው የዲስኬት ማንበቢያ አያነብልህም። ቢነበብ እንኳ ፎንቱ አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የጋራ መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፎንት ሠሪ «ሀ»ን በፈለገው የላቲን ፊደል ቦታ ያስቀምጣት ነበር። ስለዚህ የአባትህ አማርኛ በዛሬ ኮምፒውተር ላይ የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ነው የሚታይህ። ሳጥኑ፣ ጽሑፉ ያለባቸው ዲስኬቶችና የፎንቱ ዲስኬት አይለያዩ።

ከኋላው ትንሽ በር አለች፤ ባትሪው እዚያ ነው። ፈስሶ ሳይበላው ዛሬውኑ አውጣው። የዲስኬቶቹን መቆለፊያ ቀዳዳዋ እስክትታይ ግፋት፤ ያኔ በስህተት አይሰረዝም። ማሽኑ ፋን የለውም፣ በአናቱ ነው የሚተነፍሰው፤ ሲበራ ዳንቴሉ ይነሳ። የድሮ ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው ሳያየው አታብራው።

ከበራልህ ደግሞ መጀመሪያ የምትቀመጠው አንተ አይደለህም። ማውሱን እንዴት እንደሚያዝ ለእናትህ አሳይና ከሳሎን ውጣ። እሳቸው «ና አንብብ» ካሉህ ታነባለህ። ካላሉህ ቆርቆሮው እንደተዘጋ ይቆይ። ልጅ ነህ፣ ግን ባልየው የሳቸው ነበር። ይከብድህ ይሆናል፤ ፊትህንም አይቼዋለሁ።

ልወጣ ስል እናትየው ከአልጋው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ከባድ ነገር ጎትተው አወጡ። ትራንስፎርመሩ ነው። አቧራውን እፍ አሉና፣ «ይሄስ አብሮ ይቀመጥ?» አሉኝ።