ከሰልፍ እስከ ሸንጎ

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውን ተረት ሁላችንም ሰምተን አድገናል። እኔም በልጅነቴ ሳልመረምር ተቀብዬው ነበር። በማስተማር ሥራ ከቈየሁ በኋላ ግን፥ ከሴቶች ልጆች መካከል ከወንዶቹ ቀድመው የሚመልሱ ብዙዎች መሆናቸውን አይቼ፥ ተረቱ የሚናገረው ስለ ሥልጣን እንጂ ስለ ዕውቀት እንዳልሆነ ተረዳሁ። ለዛሬው ምሳሌያችን ወደ ደቡብ አሜሪካ፥ ወደ ቺሊ እንሻገር።

እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ2011 ዓ. ም. የቺሊ ተማሪዎች ትምህርት በነጻ ይሰጠን ሲሉ አደባባይ ወጡ። የከፍተኛ ትምህርት ዋጋ ከባድ ስለ ነበረ፥ ብዙ ቤተ ሰብ ልጁን ለማስተማር ዕዳ ይገባ ነበር። ከመሪዎቹ አንዷ የጂኦግራፊ ተማሪዋ ካሚላ ቫዬሖ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው 23 ዓመት ነበረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጋብሪኤል ቦሪች በተማሪዎች ማኅበር ምርጫ አሸንፈዋቸው ተተኩ። ሁለቱም የግራው ወገን ፖለቲከኞች ናቸው። በ2013 ዓ. ም. ሁለቱም ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተመረጡ፤ ካሚላም ሴት ልጃቸውን የወለዱት ምርጫው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነበር።

በ2022 ዓ. ም. በማርች ወር ቦሪች በ36 ዓመታቸው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በመጀመሪያ ከሾሟቸው 24 ሚኒስትሮች 14ቱ ሴቶች ነበሩ፤ ካሚላም የመንግሥት ቃል አቀባይ ሚኒስትር ሆኑ።

ይሁን እንጂ ያሰቡት ሁሉ አልተፈጸመም። በመንግሥት ሸንጎዎች ሁሉ የሴቶች ቍጥር ከግማሽ እንዳያንስ የሚያዝዘው የአዲስ ሕገ መንግሥት ረቂቅ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ለሕዝብ ቀርቦ፥ ከመቶው 62 ያህሉ አንቀበልም አለ። በ2025 ዓ. ም. በተደረገውም ምርጫ የቀኙ ወገን ዕጩ አሸነፈ።

ከድካማቸው ግን የቀረ ፍሬ አለ። ካሚላ ከጓደኞቻቸው ጋራ በ2017 ዓ. ም. ያቀረቡት ሐሳብ በ2023 ዓ. ም. ሕግ ሆኖ፥ የሳምንቱ ሥራ ከ45 ሰዓት ወደ 40 ሰዓት በየጊዜው እየቀነሰ እንዲወርድ ተወሰነ። እስከ 12 ዓመት የሆነ ልጅ የሚያሳድጉ አባትም እናትም የሥራ መግቢያቸውን እስከ አንድ ሰዓት ለማስቀደም ወይም ለማዘግየት መብት አገኙ።

ወላጆች ሆይ! ይህን ሕግ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት፤ ልጅን ማሳደግ የእናት ብቻ ሳይሆን የአባትም ሥራ መሆኑን ይመሰክራልና። ከግራ ወገን ሆንን ከቀኝ፥ ጥያቄው ከየቤታችን ደጃፍ ይደርሳል። ዛሬ ማታ ራት ከተበላ በኋላ ዕቃ የምታጥበው ማን ናት? መጽሐፉን ይዞ የሚቀመጠውስ ማን ነው? ወንድሟ ጥቂት ቢያግዛት እርስዋም ለማጥናት ጊዜ ታገኛለች፤ እርሱም ነገ ደኅና አባት ይሆናል።