ብሩተስ ያላቀረበው ማስረጃ

የሼክስፒር «ጁሊየስ ቄሳር» ሲነሣ፣ በቄሳር የቀብር ሥርዓት ላይ የሚደረጉት ሁለት ንግግሮች የአእምሮና የስሜት ፍልሚያ ተደርገው ይቀርባሉ። ከገዳዮቹ አንዱ የሆነው ብሩተስ በምክንያት ተናገረ፣ የቄሳር ወዳጅ አንቶኒ በእንባ ረታ ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። የብሩተስን ንግግር ረጋ ብሎ የመረመረ ሰው አንድም ማስረጃ አያገኝበትም። ቄሳር የሥልጣን ጥመኛ ነበር ይላል፤ ምን ሲያደርግ እንደታየ ግን አይናገርም። እመኑኝ የሚለውም ስለ ክብሩ ብሎ ነው። ለሕዝቡ የሚወረውረው ጥያቄ ደግሞ ራሱን ካላዋረደ በቀር ማንም ሊመልሰው የማይችለው ነው፤ ስለዚህ ዝምታው እንደ ስምምነት ይቆጠርለታል። ሕዝቡ በእርግጥ በጭብጨባ ተቀበለው። ነገር ግን ከመካከላቸው አንዱ ብሩተስን ራሱን ቄሳር እናድርገው ብሎ ጮኸ። አንድ ሰው ብቻውን እንዳይነግሥ ብሎ ወዳጁን ለገደለ ሰው ከዚህ የባሰ ሽንፈት ከወዴት ይመጣል?

አንቶኒ የጀመረው ሕዝቡ ራሱ ከሚያውቀው ነገር ነው። ቄሳር የምርኮኞችን ማስለቀቂያ ገንዘብ ለመንግሥት ግምጃ ቤት አስገብቷል፤ በሉፐርካል በዓል ዘውድ 3 ጊዜ ቀርቦለት 3 ጊዜ ገፍቶታል። አንቶኒ ገዳዮቹን መጀመሪያ ላይ በግልጽ አይሰድብም። የተከበሩ ሰዎች ናቸው ይላል፤ ከየማስረጃው በኋላ ይህንኑ ስለሚደግም ግን ቃሉ ቀስ በቀስ ወደ ስድብ ይለወጣል። ፍርዱን የሚሰጠው አድማጩ ነውና አድማጩ የራሱን ፍርድ አይጠራጠርም። የቄሳርን ኑዛዜም ቢሆን አሳይቶ አላነብም ይላል፣ እስኪለምኑት ድረስ።

አንቶኒ አታላይ አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። ነው። ግድያው ሲፈጸም ከሴረኞቹ አንዱ የሆነው ትሬቦኒየስ ከስፍራው አርቆት ነበር፤ ሆኖም በቄሳር ካባ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች የማን ጩቤ እንደበሳቸው እያመለከተ ይናገራል። ለእያንዳንዱ ሮማዊ 75 ድራክማ ይሰጣል ያለውን ኑዛዜም በአራተኛው ገቢር ወጪው የሚቀነስበትን መንገድ ለመፈለግ ያስመጣዋል። ውሸቱ የታመነለት እውነቱን ስላስቀደመ ነው። ብሩተስ ግን ንግግሩን እንደጨረሰ ሕዝቡ ቆይቶ አንቶኒን እንዲሰማ ለምኖ ከአደባባዩ ሄደ። ቢቆይ ኖሮ፣ ያልነበርክበትን ግድያ እንዴት እንዲህ አወቅኸው ብሎ ሊጠይቀው ይችል ነበር።