ትከሻ ፈቃድ አይደለም
ሆሞሻም ሆነ አሶሳ፣ ሜዳ ዳር የቆመ ተመልካች ተከላካዩ አጥቂውን ገጭቶ አፈር ሲያስግጠው «ትከሻ ነው! ንጹህ ነው!» ብሎ ይጮኻል፤ ፊሽካ ከተነፋማ ዳኛው አለቀለት። እውነት ነው፣ የእግር ኳስ ሕግ ቁጥር 12 ክንድን ከሰውነት ሳያርቁ በትከሻ መጋፋትን አይከለክልም። ያው ሕግ ግን ግፊያው ጥንቃቄ ከጎደለው ቅጣት ምት፣ የተጋጣሚን ደህንነት ችላ ካለ ቢጫ፣ ጉልበቱ ከልክ ካለፈ ቀይ ይላል። ይህን የሚጠቅስ ደጋፊ አልገጠመኝም፤ የተገፋው የራሱ ቡድን ልጅ ካልሆነ በቀር። መጋጨት ሥራቸው የሆነው የራግቢ ሊግ ሰዎች እንኳ ነገሩን አጥብቀውታል። በአውስትራሊያ ትልቁ የራግቢ ሊግ ውድድር ከፈረንጆቹ 2013 ጀምሮ ኳስ የያዘን ተጫዋች በክንድ ለማቀፍ ሳይሞክሩ በትከሻ መምታት ክልክል ነው። «ጨዋታው ለሰለሰ» ያሉ ነበሩ፤ በ2015 ግን እዚያው አገር በኩዊንስላንድ ግዛት አንድ ተጫዋች እንዲህ ባለ ግጭት ሕይወቱ አለፈ። እኔ ለእግር ኳስ ሙሉ ክልከላ አልመኝም፤ ኳስ ለመቅደም ትከሻ ለትከሻ መተጋገል የጨዋታው ቅመም ነው። የምቃወመው ዓይኑን ከኳሱ ነቅሎ፣ ለቴስታ የዘለለን ወይም ጀርባውን የሰጠን ልጅ ደረቅ መሬት ላይ የሚያንጋልለውን ነው። የመጀመሪያውን ግፊያ በዝምታ ያለፈ ዳኛ ሁለተኛውን ይጋብዛል፤ ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ የበቀል ነው። የወረዳ ጨዋታ የምትመሩ ዳኞች ሆይ፣ ጩኸቱን ተዉትና ካርዱን በጊዜ አውጡ።